ከዕድር እስከ ዌልነስ፦ ኩባንያ የሠራተኛውን ጤና ሲያስብ

ቅዳሜ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ሰልፍ ይታያል። አንደኛው ሽቅብ ነው። ደረታቸው ላይ የድርጅታቸው ዓርማ የታተመበት ቲሸርት የለበሱ፣ የታሸገ ውሃ የጨበጡ የባንክ፣ የኢንሹራንስና የንግድ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ሁለተኛው ቁልቁል ነው። እንደ ድሮው ባይበዙም ዛሬም አሉ፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ የሚወርዱ ሴቶች። የመጀመሪያዎቹ ጤና ፍለጋ ዳገት ይወጣሉ። የሁለተኞቹ ጤና እዚያው ዳገት ላይ አልቋል።

እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሽቅብ የሚወጣው ሰልፍ በርክቷል፤ ስምም አግኝቷል። "ዌልነስ ፕሮግራም" ይሉታል። የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎች በዓመታዊ ዕቅዳቸው ውስጥ አንድ መስመር ይሰጡታል። ይዘቱ ከድርጅት ድርጅት ብዙም አይለያይም። በዓመት አንድ ቀን የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ፣ የጂም ቅናሽ፣ ስለ ጭንቀት የሚያወራ እንግዳ፣ ኅዳር ሲደርስ ደግሞ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ዛሬ ድርጅቶች ቲሸርቱን በጅምላ ገዝተው ለሠራተኛ የሚያድሉበት ዓመታዊ በዓል ሆኗል። ይህ ሁሉ ምንም ክፋት የለውም። የሚያስቸግረው ነገሩ ትናንት ከውጭ የገባ አዲስ ሐሳብ ተደርጎ መወሰዱ ነው። "እንዴት እንጀምረው?" ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ፣ ጥያቄው በዚች አገር ከ70 ዓመት በፊት ተጠይቆ በተለያየ መንገድ እንደተመለሰ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ከቲሸርቱ አይጀምርም ነበር።

ጉለሌ ራሷ ለዚህ ታሪክ ጥሩ መነሻ ናት። በአዲስ አበባ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ድርሻ ያለው አካባቢ ጥቂት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም በ1940ዎቹ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሆኖ የተተከለው እዚሁ ነው፤ ስሙ ስንት ጊዜ ቢለወጥም ሰፈሩ "ፓስተር" እንደተባለ ቀርቷል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ በ1950ዎቹ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ሆኖ የጀመረው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። ቦታው የተመረጠው እንዲሁ አልነበረም። የሳንባ ሕመምተኛ ንጹሕና ቀዝቃዛ የደጋ አየር ያሻዋል ተብሎ በሚታመንበት ዘመን እንጦጦ ራሱ እንደ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። ዛሬ የድርጅት ሠራተኛ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚወጣለት አየርም ያው አየር ነው።

ከነዚህ ተቋማት ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ሸማኔው አለ። ከጋሞ ደጋ መጥቶ የሰፈረው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ብርሃን በማይበቃው ቤት ውስጥ ከማለዳ እስከ ምሽት መወርወሪያ ይወረውራል። ወገቡ፣ ዓይኑና ደረቱ የሥራው ዋጋ ናቸው። በዓል ሲቀርብ ሌሊቱም የሥራ ሰዓት ነው። አሠሪ ስለሌለው ክሊኒክ የለውም፤ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም፤ ሲታመም ሸማው ይቆማል፣ ሸማው ሲቆም ምሳው ይቆማል። ያለው ዕድሩ ነው።

ዕድር ደግሞ በኢትዮጵያ የሠራተኛ ጤና ታሪክ ውስጥ ከተራ የቀብር ማኅበር በላይ ቦታ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድርን ያስፋፉት ከገጠር የፈለሱ፣ በተለይም የጉራጌ ማኅበረሰብ አባላት እንደሆኑ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ደግሞ በከተማው ተባዝቷል። ዘመድ የሌለው ከተሜ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? የሚለው ጥያቄ ነበር የወለደው። ፋብሪካ ሲመጣ ዕድር አብሮ ፋብሪካ ገባ። በዚያ ዘመን የሠራተኛ ማኅበር በሕግ አይታወቅም ነበርና፣ ሠራተኞች ተሰብስበው መነጋገር ሲፈልጉ የሚሰበሰቡበት ስም "ዕድር" ወይም "መረዳጃ" ነበር። ከሕጉ በፊት ከነበሩት የሠራተኛ ስብስቦች ብዙዎቹ በዚህ ስም ነው የኖሩት። ለታመመ ጓድ ማዋጣት፣ ለሞተው ድንኳን መትከል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ "ግን ለምንድን ነው ሰዎቻችን የሚታመሙት?" ማለት። የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ዕድሩን ወደ ማኅበር የለወጠችው።

ይህ ለውጥ ጎልቶ የታየው ወንጂ ላይ ነው። ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ እርሻውን ይዞ የሚሄድበት አገር ሲፈልግ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የመጀመሪያው ስኳር በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ወጣ። ወንጂ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ ኩባንያ ሙሉ ከተማ የሠራበት ቦታ ነበር። የሠራተኛ መንደር፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ክበብ ሁሉ ነበረው። ዛሬ አንድ ኩባንያ ለሠራተኛው ይህን ሁሉ አቀርባለሁ ቢል በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ይወጣል። የዘመኑ የውጭ ጎብኚዎችም ሲያደንቁት የነበረው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ወንጂ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እሳተ ገሞራ ባበጀው መሬት ሥር የሚገኘው ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የወንጂ አንዳንድ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ልጆች ጥርሳቸው እየወየበና እየተቦረቦረ አደጉ። ያ የሚታየው ምልክት ነው። የማይታየው በአጥንት ውስጥ የሚሠራው ነው። ለዓመታት ያንኑ ውሃ የጠጣ የሸንኮራ ሠራተኛ አከርካሪው እየደረቀ ይሄዳል፤ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፤ ጎንበስ ብሎ ሸንኮራ የቆረጠ ሰው በመጨረሻ ቀና ማለት የማይችል ይሆናል። አንዳንዶቹ እግራቸው እስከመስነፍ ደርሰዋል። ሐኪሞች ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች የጻፉት ስለነዚህ ሠራተኞች ነው። ከውሃው ፍሎራይዱን የሚያጣሩ መሣሪያዎች በንጉሡ ዘመን ተተከሉ፤ ሆኖም ሁሉንም መንደር አላዳረሱም፣ የተተከሉትም በአግባቡ ሲሠሩ አልኖሩም።

የወንጂ ነገር ቆም ተብሎ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሆስፒታል ነበረ፣ ሐኪም ነበረ፣ የመዝናኛ ክበብ ነበረ። ሠራተኛውን ያጎበጠው ግን ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ነበር። በዛሬው ቋንቋ የሠራተኛ ደኅንነት ፕሮግራም የሚባለው ነገር ሁሉ ተሟልቶ ሳለ፣ ዋናው ሕመም ከፕሮግራሙ ውጭ ይኖር ነበር። ሐኪሙ የታመመውን ያክማል፤ ውሃውን የሚቀይረው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ወጪ ያሰላል።

ከወንጂ የወጣው ሌላው ነገር ሰው ነው። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት አብርሃም መኮንን የወንጂ ሠራተኛ ነበሩ። በኋላ ማኅበሩን የመሩት በየነ ሰሎሞን የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ ትተዋል፤ ስለዚያ ዘመን ማወቅ ለሚፈልግ ጥሩ በር ነው። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛና አሠሪ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኛ በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር በኅብረት እንዲደራደር ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ሕክምና፣ የሥራ ልብስና የዓመት ዕረፍት የአሠሪው በጎ ፈቃድ መሆናቸው ቀርቶ የድርድር ነጥቦች ሆኑ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ስጦታ ሰጪው ሲከፋው ይቀራል፤ በኅብረት ስምምነት የተጻፈ ነገር ግን ሥራ አስኪያጅ ሲቀየርም አይቀርም።

ጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ። ማኅበሩም በሚቀጥለው ዓመት ፈርሶ በመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን በብዙ ሰው ትዝታ ውስጥ የፋብሪካ ክሊኒክ፣ የፋብሪካ ሸማቾች ሱቅ፣ የመሠረተ ትምህርት ክፍልና የእግር ኳስ ቡድን ዘመን ነው። እግር ኳሱ እንዲያውም ከደርግም ይቀድማል። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በንጉሡ ዘመን የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደ የሠራተኞች ቡድን ነበር። መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ መድን የሚሉት የክለብ ስሞች ሁሉ የአሠሪ ስሞች ናቸው። የሚገርመው ነገር መጨረሻው ነው። ክለቦቹ እየጎለበቱ ሲሄዱ ተጫዋቹ ሠራተኛ መሆኑ ቀረ፤ ሠራተኛው ተመልካች ሆነ። በስፖርት ስም የወጣው ገንዘብ አድጎ የሠራተኛው እግር ግን ከሜዳ ወጣ። እርግጥ ኢሠማኮ ዛሬም በየዓመቱ የሠራተኞች ስፖርት ውድድር ያካሂዳል፤ ለዚያ ውድድር ግን ቴሌቪዥን ብዙም ቦታ የለውም።

በዚሁ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ስለ ፋብሪካ ጤና ከየትኛውም የደርግ ሪፖርት በላይ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ይህ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ 595 ሠራተኞችን መርምሯል። ጥጥ በሚፈለቀቅበትና በሚበጠርበት ክፍል የሚሠሩት ከመቶ 40 ገደማ የሚሆኑት በጥጥ አቧራ የሚመጣው የሳንባ ሕመም ነበረባቸው፤ በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከመቶ 4 እስከ 24 ነበር። ይህ በሽታ ልዩ ጠባይ አለው። የዕረፍት ቀን አልፎ ሥራ በሚጀመርበት ዕለት ደረት ይጨመድዳል፣ ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ቀለል ይላል። ስለዚህ ሠራተኛው ዕረፍቱ ያመመው ይመስለዋል፤ አለቃው ደግሞ ሰኞ የሚቀር ሠራተኛ ሰነፍ ነው ይላል። ፋብሪካው ክሊኒክ ቢኖረው የሳል ሽሮፕ ይሰጣል። የሚያስፈልገው ግን አቧራውን የሚስብ ማሽን ነበር።

አንድ ጊዜ ነገሩ በትክክል የተሠራበት ዘመን አለ፤ ያም የኤችአይቪ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ የመሥሪያ ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ፣ ከደመወዝ የሚዋጣ የኤድስ ፈንድ፣ በምሳ ሰዓት የሚካሄድ ትምህርት የተለመደ ነበር። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፖስተሩንና ድራማውን ነው። ሥራውን የሠራው ግን ሕጉና መድኃኒቱ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ሠራተኛ አሠሪው በበቂ ምክንያት የሚጠይቀውን የጤና ምርመራ አላደርግም እንዳይል ሲያዝ፣ የኤችአይቪ ምርመራን ለይቶ አወጣ። አሠሪ ሠራተኛውን ተመርመር ብሎ ማስገደድ አይችልም ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ሠራተኛው ቢመረመር የሚያገኘው መድኃኒት አለ፤ ባይመረመር ከሥራ የሚያባርረው የለም፤ ውጤቱም የአለቃው ጉዳይ አይደለም። ሰው ወደ ምርመራው በእግሩ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬዎቹ ድርጅቶች በግቢያቸው ድንኳን ተክለው የደም ስኳርና ግፊት ሲለኩ ይህን ትምህርት የረሱት ይመስላል። ውጤቱ የሚጻፍበት ወረቀት በማን ጠረጴዛ ላይ ያድራል? ይህ ካልተመለሰ ግፊት ያለበት ሾፌርና ስኳር ያለበት ገንዘብ ያዥ በዚያ ቀን ፈቃድ ይወጣሉ። ጤነኞቹ ተሰልፈው ይለካሉ፤ ሪፖርቱም ያማረ ይሆናል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዌልነስ ትልቅ ኢንዱስትሪ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም "አንድ ዶላር ብታወጡ ከሦስት ዶላር በላይ ታተርፋላችሁ" እየተባለ ተሸጧል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን በዕጣ ከፍለው፣ ገሚሶቹን ወደ ፕሮግራሙ ጋብዘው ገሚሶቹን ሳይጋብዙ አዩት። እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ውጤት ለሻጮቹ መርዶ ነበር። የተጋበዙት በሕክምና ወጪም፣ ጂም በመሄድም፣ ከሥራ በመቅረትም ካልተጋበዙት አልተለዩም። በፈቃዳቸው የገቡት ግን ከመጀመሪያውም ጤነኞችና ወጪያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በአንድ የጅምላ መደብር ሰንሰለት ውስጥ በ160 የሥራ ቦታዎች ባሉ ወደ 33 ሺህ ሠራተኞች ላይ የታተመ ሌላ ጥናት ከዓመት ተኩል በኋላ ያገኘው ተመሳሳይ ነው፤ ሠራተኞች ስፖርት እንሠራለን ማለታቸው ጨመረ፣ ክብደታቸው፣ ግፊታቸውና ከሥራ መቅረታቸው ግን ባለበት ነው። አዲስ አበባ ላይ ገና ስንጀምር ይህን ማወቃችን ዕድል ነው። እነሱ ቢሊዮኖችን ከፍለው የተማሩትን እኛ በነፃ እናነበዋለን።

ኢትዮጵያ ውስጥም በዕጣ የተካሄደ ጥናት አለ፤ እንዲያውም ከአሜሪካኖቹ የበለጠ ለእኛ ይቀርባል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ከአምስት ኩባንያዎች ጋር ተስማምተው ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን ዕጣ አወጡላቸው። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ወይም የእርሻ ድርጅት ሥራ አገኘ፣ አንዱ 300 ዶላር ገደማ መነሻ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና አገኘ፣ አንዱ ምንም አላገኘም። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ትተው ሄዱ፤ ዓመት ሳይሞላ ከመቶ 77ቱ ለቀቁ። ገቢያቸው ካላገኙት አልበለጠም፣ የጤና ችግራቸው ግን ጨመረ። አሠሪዎች "የኢትዮጵያ ሠራተኛ አይረጋም" እያሉ ሲያማርሩ የሚሰማው ቅሬታ ሌላ ገጽ ያለው መሆኑ እዚህ ይታያል። ሠራተኛው አስልቶ ነው የሄደው። ሥራው የሚከፍለው ከሚያሳምመው አልበለጠም።

ወደ እንጦጦ መንገድ ስንመለስ አንድ ትንሽ ድርጅት ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነገር አድርጓል። እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ሸክም ከእንጦጦ እስከ ገበያ ያወርዱ ነበር፤ ከሸክሙ በላይ የደን ጥበቃው ዱላና ማስፈራሪያ ነበረባቸው። ፈቀርተ ኃይሌ ለዓለም የሥራ ድርጅት ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት የነዚህን ሴቶች ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት አሳየ። ከዚያ በኋላ በ1980ዎቹ ውስጥ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሴቶቹም ሽመና ተማሩ። በዚህ አገር ሽመና የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ማኅበሩ ይህን ድንበር አፍርሶ ሴቶቹን ዕቃ መወርወሪያው ጋር አስቀመጣቸው፤ የሠሩትንም ፎጣና ሻርፕ እዚያው እንጦጦ ግርጌ ለጎብኚ ሸጡ። ማኅበሩ ከሃያ ሺህ ተሸካሚ መካከል ጥቂቱን ብቻ ነው ያዳረሰው ቢባል ትችቱ ተገቢ ነው፤ ሸማኔነትም ከወገብ ሕመም ነፃ እንዳልሆነ ሽሮ ሜዳ ትመሰክራለች። ሆኖም አሠራሩ ልብ ይሏል። ለወገባቸው ማሸት አላዘዘላቸውም፤ ሸክሙን ነው ያወረደላቸው።

እንግዲህ ጉለሌ ውስጥ ያለ አንድ መካከለኛ ድርጅት ዛሬ ፕሮግራም ልጀምር ቢል ከየት ይጀምራል? ብዙው መልስ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ አለ፤ ኃላፊው መጀመሪያ ሕጉን ከስጦታው ቢለይ ጥሩ ነው። አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛን በአሠሪው ወጪ ማስመርመር ግዴታ ነው። የደኅንነት መሣሪያ መስጠት፣ የሥራ ቦታ ደኅንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ አዲስ ሠራተኛን ስለ አደጋው ማስተማር ግዴታ ነው። ለወላድ 120 ቀን ፈቃድ ግዴታ ነው። እነዚህን ሳያሟሉ ዮጋ ማምጣት ዕዳ ሳይከፍሉ ድግስ እንደ መደገስ ነው።

ከሕጉ ቀጥሎ ሕጉ የተወው ክፍተት ይመጣል። የሕመም ፈቃድን ብቻ እንውሰድ። ሕጉ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ። በሳንባ ነቀርሳ ወይም በካንሰር የተያዘ ሠራተኛ ሕክምናው ሳያልቅ ደመወዙ ያልቃል ማለት ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ተቆጥሮም የደመወዝተኛው መድን ሥራ ሳይጀምር ቆይቷል። በአንጻሩ ለገጠሩ ሕዝብ የተዘጋጀው የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፍቷል። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ከገበሬው ወንድሙ ኋላ ቀረ። ክፍተቱን የሚሞላው ወይ የድርጅቱ የሕክምና ሽፋን ነው፣ ወይ የሥራ ባልደረባ መዋጮ ነው። መዋጮው የሚዞርበት ዝርዝር በየቢሮው አለ፤ "ጓደኛችን ታሟልና" ተብሎ በቴሌግራም ግሩፕ የሚለጠፈው የባንክ ቁጥር የ1940ዎቹ ዕድር ነው፣ ወረቀቱ ብቻ ነው የተቀየረው። ለፕሮግራም የተያዘ ገንዘብ ያለው ድርጅት ይህን መዋጮ በቋሚ ፈንድ ቢደግፍ፣ አራተኛው ወር ላይ ያለ ደመወዝ የሚቀረውን ሰው በስም ያውቀዋል።

ሌላው ርካሽ ነገር ነው፤ ምናልባት ርካሽ በመሆኑ አይታይም። የሚያስቀምጥ ወንበር። የማይሸት መጸዳጃ ቤት። የሚጠባ ልጅ ላላት እናት አንድ ክፍል፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ በ2010 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ሠራተኞች አዋጅ ታዝዟል፣ የግሉ ድርጅት ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለበትም። ሰርቪስም አለ። ከከተማው ዳር፣ ከኮንዶሚኒየም ተነሥቶ በሁለት ታክሲ የሚመጣ ሠራተኛ ማለዳ 11 ሰዓት ይነሣል፤ ማታ ሲገባ ልጁ ተኝቷል። የዚህ ሰው ጭንቀት ምንጭ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

ሰው ሳይጠየቅ ግን ይህም አይሠራም። ወንጂ ላይ ሠራተኛው ቢጠየቅ ኖሮ ስለ ውሃው ይናገር ነበር። የጥጥ ፋብሪካው ሠራተኛ ቢጠየቅ ኖሮ ስለ ሰኞ ይናገር ነበር። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት የሚጠየቀው አካል ዝግጁ ነው፤ ማኅበር በሌለበት ደግሞ ዕድሩ አለ፣ የዕድሩ ዳኛም ባለፈው ዓመት ማን እንደታመመና በምን እንደታመመ ከሰው ሀብት ክፍሉ በተሻለ ያውቃል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ያም በፕሮግራሙ ውስጥ "ሠራተኛ" የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው። በብዙ ድርጅቶች በር ላይ የሚቆመው ጥበቃና ፎቁን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ በኤጀንሲ የተቀጠሩ ናቸው፤ ደሞዛቸው ከሌላ መዝገብ ይወጣል፣ ስማቸው በሠራተኛ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድረው፣ ኬሚካል በባዶ እጇ የምትነካው፣ በድርጅቱ ውስጥ ዝቅተኛውን የሚከፈላቸው እነሱ ናቸው። አዋጁ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ወለሉ እስካሁን አልተቆረጠም። የምርመራው ድንኳን በግቢው ሲተከል ወንበር የሚያመጣው ጥበቃው ነው፤ ድንኳኑ ሲነሣ የወደቀውን ጥጥና መርፌ የምታነሣው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከተለኩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ግን የሁለቱም ስም አይገኝም።